በበረኪና የታጠበው ማሊያ

ይድረስ ለእታለሜ፣

ጤና ሳይጠይቁ ደብዳቤ መጀመር ነውር ነው ብለሽ ስላሳደግሽኝ ልጠይቅሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? የግፊት መድኃኒትሽን አላቋረጥሽም? እኛ፣ ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነን። እኔ ግን ጠይቀሽን ወደ አዲስ አበባ ከተመለስሽ ጀምሮ እንደተናደድኩ ነኝ። በስልክ ያልነገርኩሽ ስለምታለቅሺ ነው፤ አንቺ ስታለቅሺ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ እሆናለሁ።

ባለፈው በላክሽልኝ ድምፅ፣ ለአንድ አሮጌ ጨርቅ ብለህ እህትህን ታኮርፋለህ ወይ ብለሻል። እሺ፣ ስለ ጨርቁ ልንገርሽ። ያ ማሊያ ከሃምሳ ዓመት በፊት አንድ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ለብሶ የተጫወተበት ነው። የሰጡኝም በዚያ ዘመን የቡድኑን ዕቃ ይጠብቁ የነበሩ፣ ቶራንስ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። አዲስ ማሊያማ ሱቁ ሁሉ ሞልቶታል። የዚህ ዋጋው ቆሻሻው ነበር፤ በኳስ ፈንታ የሚመታው ጠፍጣፋ ጎማ ያጠቆረው ትከሻ፣ ከሜዳው አጥር ጋር ሲላተም የያዘው ቀለም፣ አንገትጌው ላይ የደረቀው ደም፣ የተቀደደው ክርን። ቅዳጁን ከድሮ ፎቶግራፍ ጋር በማጉያ መነጽር አስተያይቼ ራሱ መሆኑን ያረጋገጥኩ ቀን፣ ሚስቴን ሮሐን ከኩሽና ጠርቼ አሳየኋት። ሳቀችብኝ፤ ግን እሷም ደጋግማ አየችው።

አንቺ ምን አደረግሽ? እኔ ሆሊውድ የሰው መኪና ሳቆም፣ ሮሐ ሐኪም ቤት ስትሄድ፣ እትዬ ዓለምፀሐይንና የጸሎት ቡድናቸውን ከክሬንሾው ጠርተሽ ቤቴ አስገባሽ። እሳቸውም ማሊያውን የሰቀልኩበትን ግድግዳ አይተው፣ "የማናውቀው ሰው ደም እዚህ ቤት ተሰቅሏል፤ ማህፀኗን የዘጋው ይኸው ነው" አሉ። ይህንን የነገርሽኝ አንቺው ነሽ፤ ያውም በደስታ። ከማሊያው አጠገብ የሰቀልኩትን የሆኪ መጫወቻ ዱላ የጸሎት ዘይት አጠጣችሁት። አብረው የተሰቀሉትን፣ መዳፋቸው ያለቀ የተጫዋች ጓንቶቼን ቆሻሻ ውስጥ ከተታችኋቸው። ማሊያውን ደግሞ በገዛ እጅሽ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፈሽ፣ አሽተሽ፣ ክርኑን ሰፍተሽ፣ ተኩሰሽ አልጋዬ ላይ አስቀመጥሽልኝ። ስፌትሽ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ እንከን አይወጣለትም፤ እሱ ነው ይበልጥ የሚያንጨረጭረኝ። ለሽማግሌው ሳሳያቸው ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱና፣ በቃ አሁን ልበሰው አሉኝ።

ይህን እተወዋለሁ። የማልተወው ሌላ ነው። እትዬ ዓለምፀሐይ የሮሐን ማህፀን ነገር ከየት አመጡት? መንፈስ ገለጠላቸው እንዳትዪኝ። ፅንሱ እንደጨነገፈባት የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነበርን፤ ለገዛ እናቷ እንኳን አልነገረችም። ላንቺ የነገረችሽ እንደ እናት ስለቆጠረችሽ ነው።

በሄድሽ በሳምንቱ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ምሳ ልንበላ ገባን። የማናውቃት አስተናጋጅ ትሪውን አስቀመጠችና የሮሐን ትከሻ ነካ አድርጋ፣ "አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ ሁላችንም ፕሬይ እያደረግንልሽ ነው፣ ኦኬ?" አለቻት። ሮሐ አመሰግናለሁ አለች። ከዚያ አንድ ጉርሻ ሳትቀምስ ተነስታ መኪና ውስጥ ጠበቀችኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አታልፍም። እንጀራ የምገዛው እኔ ነኝ፤ ባለሱቋም አንገቷን ደፍታ ታዝንልኛለች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ያንቺማ አፋፉንም አልፎ ፌርፋክስን ከዳር እስከ ዳር አዳርሶታል።

ለጸሎት ብዬ ነው የነገርኳቸው ትያለሽ። አውቃለሁ። በክፋት አድርገሽው ቢሆን አንድ ቀን ተሳድቤ በወጣልኝ ነበር። ቁስላችን ላይ እንጨት የሰደድሽው እየወደድሽን ስለሆነ፣ ንዴቴን የት ላድርሰው?

እኔ ብሆን ይህን ያህል ብቻ ጽፌ አሽገው ነበር። ሮሐ ናት አንድ ነገር ጨምርልኝ ያለችኝ። እዚሁ ይገዛል ብላት አሻፈረኝ አለች፤ የእታለም እጅ ያላዘጋጀው አይሆንልኝም አለች። ስለዚህ ጥሩ የገንፎ እህል አዘጋጅተሽ ላኪልን። አይቸኩልም፤ ሐኪሟ የቆጠረላት ለመስከረም ስለሆነ፣ ለዚያ ከደረሰ ይበቃል። ወፍጮ ቤት ለማን ነው ብለው ከጠየቁሽ ለራሴ ነው በዪ። እትዬ ዓለምፀሐይ ጋ እንዳትደውዪ። ማሊያው ስለታጠበ ነው የምትይ ከሆነ ደግሞ፣ እምልልሻለሁ፣ ስልክሽን አላነሳም።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ አፍሽንም እስከ መስከረም ይጠብቅልሽ።

አሁንም የተናደደው ወንድምሽ