የረቡዕ ፍርፍር

ቃሊቲ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጨጓራዎ እንዴት ሆነልዎ? ሐኪሙ የከለከለዎትን ቃሪያ ትተዋል ብዬ ልመን? ጉልበትዎስ? ሙቀት ለጉልበት ደግ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እውነት ከሆነ ይህ መጋቢት ለእርስዎ ብቻ የተላከ መድኃኒት ነው። እኛን ግን ጠብሶ ሊበላን ነው። የምሠራበት ፋብሪካ ጣሪያው ቆርቆሮ በመሆኑ ከቀትር በኋላ ከምንሰፋው ሸሚዝ የምንጠርገው ላብ ይበልጣል። የልጅ ልጅዎ ሩት ደህና ናት። ጥርሷ ወልቆ ስታወራ ያፏጫል፤ አባባ መቼ ነው መሪ የሚያስይዘኝ እያለች ትነዘንዘኛለች።

በስልክ ማውራት ስንችል ደብዳቤ መጻፌ እንዳይገርምዎ። ስደውልልዎ የነቢዩን ስም ገና ከአፌ ሳወጣ፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል ይሉና ይዘጉታል። ስለ ሩት ሳወራ ጥርት ብሎ የሚሰማው ስልክ ወንድሜ ላይ ስንደርስ ብቻ ለምን እንደሚታመም እስካሁን አልገባኝም። ወረቀት ግን አይቆራረጥም። ጎረቤትዎ አብርሽ ዛሬ በባጃጁ ወደዚህ መጥቷል፤ ሲመለስ ያደርስልኛል። ቁጣ ከመጣብዎ ያስቀምጡትና ሲበርድልዎ ይቀጥሉ።

አዝኜብዎት ነበር አባባ። ይህን ደብቄ ሌላውን ብጽፍልዎ ደብዳቤው ውሸት ይሆንብኛል። ነቢዩ ያንን ጭነት አይሱዙ ይዞ ከቱሉ ዲምቱ ሲመጣ፣ ፍሬኑ አልይዝ ብሎት፣ በመንገዱ ዳር ይሄድ የነበረ የሰው ልጅ ሞተ። የሟቹን ቤተሰብ እርስዎ ነዎት ቀድመው ሄደው እግራቸው ላይ የወደቁት፤ ይህን አልረሳሁም። ከለቅሶው እንደተመለሱ ግን ፍሬን እምቢ አይልም፣ እምቢ የሚለው ሹፌር ነው አሉ። እኔ በመሪ ዘመኔ ዶሮ እንኳን አልገጨሁም አሉ። ከዚያ ወዲህ ስሙን ሲጠሩት አልሰማሁም። ልጅዎ ታስሮ አንድ ቀን እንኳን ሊያዩት አልሄዱም ብዬ ሆዴ ቆስሎ ነበር የከረመው። ዛሬ የምጽፈው ግን ለወቀሳ አይደለም። ትናንት ከቂሊንጦ ስመለስ የሰማሁትን ካልነገርኩዎ እንቅልፍ ስለማይወስደኝ ነው።

እኔ የምሄደው ሥራ በማልገባበት በቅዳሜ ነው። ሚኒባሱን ቢያዩት ለሽርሽር የወጣ ይመስልዎታል። ተሳፋሪው ሁሉ ጭኑ ላይ ምሳ ዕቃ ወይም በፌስታል የተቋጠረ ሳህን ይዟል። ማንን ልትጠይቂ ነው የሚል ግን የለም። የዚያ ታክሲ ሕግ ይህ ነው። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ሕጉን ሳላውቅ አጠገቤ የነበረችውን ሴት ማን ታስሮብሽ ነው ብያት፣ ወሬው ሁሉ ቀጥ አለ። ያዳነኝ ረዳቱ ነው፤ ኧረ ሙቀት ነው፣ መስኮቱን ክፈቱት ብሎ ጮኸ። መስኮቱ ደግሞ ከተበየደ የከረመ ነው። ሁሉም ሳቀና ወሬው ወደ ሙቀቱ ዞረ።

የሚወራው እንግዲህ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ቴሌቪዥኑ፣ ስለ ምግቡና ወደፊት ስለሚሄዱበት አገር ነው። አንዷ ለፋሲካ ላንጋኖ እንወርዳለን ትላለች። ሌላዋ ሐዋሳ ሄደን ዓሣ ሳንበላማ ይህ ዓመት አያልፍም ትላለች። ከማን ጋር እንደሚወርዱ አይናገሩም። አብሯቸው የሚወርደው ሰው አሁን የት እንዳለ ሁላችንም ስለምናውቅ አሜን እንላለን።

ትናንትና ደግሞ የቱርኩ ድራማ ነበር የተነሳው። እርስዎ ዜና ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን ስለሚያጠፉ አያውቁትም፤ አንድ ሀብታም አባት ልጁን ከቤት አባሮ ስሙ እንዳይነሳ የከለከለበት ታሪክ ነው። ድንቅነሽ የምትባል እንጀራ ሻጭ አለች፤ እኔ ብሆን እንዲህ ያለውን አባት ደጄን አላስረግጠውም ብላ ተነሳች። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ አይ አንቺ፣ እሱም እኮ ውስጡ እያረረ ነው፣ ፊቱን አላየሽውም ወይ አሏት። ታክሲው ለሁለት ተከፈለ። በመጨረሻ ረዳቱ፣ እሺ ይቅርታው በስንተኛው ክፍል ነው የሚመጣው፣ ሰውየው እኮ እያረጀ ነው ሲል ሁሉም ሳቀ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሳፊያ ናት። የስልጤ ልጅ ናት፤ መናኸሪያው አካባቢ የፕላስቲክ ዕቃ ትሸጣለች። ባሏ ረሻድ እዚያው ቂሊንጦ ነው፤ በምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ባልና ሚስቱ ያንን ድራማ እሱ ከውስጥ፣ እሷ ከቤቷ ሆነው በአንድ ሰዓት ነው የሚያዩት። ሲገናኙም የሚያወሩት ስለ እሱ ነው። ሰው በተሰበሰበበት ስለ ራሳችን ብናወራ አልቅሰን መመለሳችን ነው፣ ቱርኮቹ ይሻላሉ አለችኝ።

ከሷ ጋር የተዋወቅነው ትናንት በወንበር ነው። ጠዋት ወደ ደቡብ ስትሄዱ ፀሐይ በግራ ስለምትመጣ በቀኝ ተቀመጡ እያሉ ነው መቼም ያሳደጉን። እኔም እንደ ልማዴ በቀኝ በኩል ያለውን ቦታ ስሻማ ሳፊያ ሳቀችና፣ አንቺም ታውቂያለሽ እንዴ፣ እኔን ያስተማሩኝ አንድ አባት ናቸው አለችኝ። ሹፌር የነበረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል ብዬ አለፍኩት።

እርስዎ ሄደው ስለማያውቁ የበሩን ሥርዓት ላስረዳዎ። ምግብ የሚያስገባ ሰው ያመጣውን ከፍቶ፣ በጠባቂው ፊት ራሱ ይቀምሳል። ካልቀመሰ አይገባም። ትናንት ሳፊያ ለረሻድ ማፍጠሪያ ሳምቡሳ ይዛለች፤ ረመዳን ስለሆነ እሷ ውሃም በአፏ አይዞርም። ጠባቂዋ ቅመሺ ስትላት እኔ ልቅመስላት አልኩ። ከዚያ ደግሞ እኔም ሁዳዴ ላይ መሆኔ ትዝ አለኝና ሳምቡሳው በምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩ። በምስር ነው አለችኝ። ጠባቂዋ፣ እናንተ ሰዎች ተመካክራችሁ ነው እንዴ የመጣችሁት ብላ ሳቀች። ቅዳሜ በመሆኑ ሰዓት መጠበቅ የለብኝም፤ ጥሩ አድርጌ ቀመስኩላት። እጇ ይባረክ፣ ሙያ አላት።

ስንመለስ፣ እኔ በሌለሁበት ቀን እንዴት ታደርጊያለሽ አልኳት። ቅዳሜ ሌላ ሰው ለምኜ ነው የከረምኩት፣ ረቡዕ ግን እኚያ አባት አሉልኝ አለችኝ። ሳምቡሳውን በምስር ያደረገችው ለእሳቸው ብላ ነው። የጾሙ መጀመሪያ ሰሞን በሥጋ ሠርታ ሄዳ፣ ሽማግሌው ሊቀምሱላት እጃቸውን ዘርግተው ሥጋ መሆኑን ሲሰሙ እጃቸው እዚያው በአየር ላይ ቀረ። ያን ቀን የቀመሰላት ሌላ ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ ቤቷ ሥጋ ሞልቶ እንኳን ሳምቡሳዋ የምስር ነው። እሳቸውም ረቡዕ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ሰው ናቸው፤ ለዚህች ጉርሻ እግዜር አይቆጣኝም ብለው ረፋድ ላይ ይቀምሱላታል። እኔም አይቆጣም ባይ ነኝ።

እዚህ ላይ ከነቢዩ የሰማሁትን ላስገባ። ረቡዕ ረቡዕ ፍርፍር ይገባልኛል፣ ማን ነው የሚልከው እያለ ሲጠይቀኝ ከርሟል። ዘይት የጠገበ፣ ቃሪያ የታጨቀበት የድርቆሽ ፍርፍር። አክስቴ ፈለቀች ትሆናለች ብዬ ጠይቄያት፣ በዚህ ወገቤ ታክሲ ስጋፋ አየሽኝ ወይ ብላ ተቆጣችኝ። ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው ሳይበላሽበት የሚይዘውን ዓይነት ፍርፍር እንዲያ አድርጎ የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ፤ እሱ ደግሞ ኔትወርክ ይቆራረጥበታል። ስለዚህ ተውኩት።

ሽማግሌው ምን ይዘው ነው የሚመጡት ብዬ ሳፊያን ጠየቅኋት። ፍርፍር ነው፣ ሁልጊዜ ፍርፍር አለችኝ። ሲቀምሱት ዓይናቸው እንባ ይሞላል። ጠባቂው አባት ምነው ሲላቸው፣ ቃሪያው ነው ልጄ፣ ጨጓራዬ ቃሪያ አይችልም ይላሉ። ታዲያ ለምን ያበዙታል ቢላቸው፣ የሚበላው ሰው እንዲህ ሲሆን ነው የሚወደው አሉት።

ሌላም ነገረችኝ። ታክሲው ውስጥ ከሹፌሩ አጠገብ ካልሆነ አይቀመጡም። ቁልቁለት ላይ ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጣል፤ ፍሬን በሌለበት ፍሬን ይይዛሉ። በማርሽ ውረድ፣ ፍሬኑን አታግለው እያሉ ሹፌሩን ዕረፍት ይነሱታል፤ እሱም ለምዷቸው እሺ ጋሼ ይላል። እሷ እየሳቀች እግሯን እያነሳች እየጣለች ስታሳየኝ፣ እኔም እስኪያመኝ ሳቅሁ። ልጅ ሆነን እርስዎ ሌላ ሹፌር አጠገብ ተቀምጠው ስንጓዝ ያየሁት እግር ነበር የመጣብኝ። ከዚያ ሳቁ ምን እንደሆነ አላውቅም ወደ ልቅሶ ዞረና ሳፊያ ደነገጠች። ሙቀቱ ነው አልኳት።

እሳቸውስ የት ሊሄዱ ያስባሉ አልኳት ዓይኔን ስጠርግ። ይህን መጠየቅ ይፈቀዳል። አርባ ምንጭ ነው አለችኝ። ልጄን ይዤ አርባ ምንጭ እወርዳለሁ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ እናስጠብሳለን፣ መኪናውን የምነዳው እኔ ነኝ፣ እሱ አጠገቤ ይቀመጥ፣ ከእንግዲህ መሪ መያዝ ሊፈራ ይችላል፣ አልቆጣውም፣ እስኪለምደው እኔ እነዳለታለሁ ብለዋል።

አባባ፣ ከዚህ በኋላ ብዙ አልጠየቅኋትም። ስማቸውንም አልነገረችኝም፤ የታክሲው ሕግ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጨምራልኛለች። እዚያ መስኮት ላይ ምግብ የሚያስገባ ሰው የእስረኛውን ስም እስከ አያት መናገር አለበት። የመጀመሪያ ቀን ሽማግሌው መስኮቱ ጋ ደርሰው ዝም ብለው ቆሙ፤ ከኋላ ያለው ሰልፈኛ ማጉረምረም ጀመረ። ጠባቂው ደጋግሞ ሲጠይቃቸው የልጁን ስም አወጡት። የአባቱን ስም ሲጨምሩ ግን ድምፃቸው ከፍ አለ። ሰው የራሱን ስም ሲጠየቅ እንደሚመልሰው ነው የመለሱት አለችኝ ሳፊያ። ለካ እዚያ በር ላይ ልጅን ከአባቱ ስም ለይቶ መጥራት አይቻልም።

አሁን የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። እርስዎ ከእኔ ይልቅ የድሮ ሹፌሮችን ያውቃሉ። እኚያን አባት ድንገት ካገኟቸው ይህን ይንገሩልኝ። ምግቡን ከሚያስገቡበት መስኮት ቀጥሎ ያለው የጠያቂ መስኮት ነው። ጠያቂ አስጠሩልኝ ካላለ ግን እስረኛው አይወጣም፤ ልምጣ ቢልም አይችልም። እና ደግሞ ነቢዩ የነገረኝን ይንገሯቸው። ረቡዕ ረቡዕ ጢሙን ተላጭቶ፣ ያችን ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ነው የሚቀመጠው። ስሙ ሲጠራ ይሮጣል፤ ፍርፍሩን ተቀብሎ ይመለሳል። ማንን ነው የምትጠብቀው አልኩት። ማንንም፣ ምናልባት የሚያስጠራኝ ሰው ቢኖር አለኝ።

ሩት አባባን ሳሚልኝ ብላለች፤ በወረቀት አይሆንም ብላት አልሰማ አለች። እመቤቴ ማርያም ጉልበትዎን ታጽናልዎ፣ የፋሲካን ጾም በሰላም ታስፈታዎ፣ የጎደለው ወንበር ሞልቶ አብረን የምንበላበትን ቀን ታሳየን። ሙቀቱ እስኪበርድ ውሃ ይጠጡ። ቃሪያውን ስለ እግዜር ብለው ይቀንሱት።

አክባሪዎና ናፋቂዎ፣
ልጅዎ

ማስታወሻ፦ ነቢዩ የረቡዑን ምሳ ዕቃ አጥቦ ትናንት በእኔ ላከው። ክዳኑ ላይ፣ እናቴ ነፍሷን ይማርና በእኛ ዕቃ ሁሉ ላይ በምስማር ትጭረው የነበረውን የመሰለች መስቀል አለች። ብዙ እናቶች እንዲያ ያደርጉ ይሆናል። ባለቤቱን ስለማላውቅ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለአብርሽ ሰጥቼዋለሁ። ከፊታችን ረቡዕ በፊት ለሽማግሌው ያድርሱልኝ፤ ፍርፍሩን በምን ይዘው ይሄዳሉ?