አፈር እንዲያነበው የጻፍኩት

ሰበታ፣ ቅዳሜ ሰኔ 11 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለወርቅቱ፣

አካም ጅርታ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ደኅና ያልሆነው ክብሬ ነው። ከቦንጋ የላክሽልኝ ጃንጥላ ደርሶኛል። እግዜር ይስጥልኝ ከማለቴ በፊት ግን ክስ አለኝ። ስድሳ ሦስት ዓመት ለሞላው፣ ጢሙ ለሸበተ ሰው አበባ ያለበት ሮዝ ጃንጥላ ይላካል? ትናንት ይዤው ወደ ገበያ ብቅ ስል ባለጋሪዎቹ "ሙሽራዋ መጣች!" ብለው መንገድ ለቀቁልኝ። አንዱማ እልል አለ። በዚያ ላይ ሲጫኑት በድንገት የሚዘረጋ ዓይነት ነው። ቤት ውስጥ ስሞክረው ዶሮዎቼን አስደንግጦ ይኸው ሁለት ቀን እንቁላል ነሥተውኛል። ስለ ዶሮዎቹ ቤት ኋላ እመለስበታለሁ፤ እሱም የራሱ ጉድ አለው።

እናትሽ ደኅና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ ያማታል። ሰላም የሚሏት ሰዎች ግን አሁንም ጥቂት ናቸው። የእኔም ሥራ ቀዝቅዟል። ካለፈው ታኅሣሥ ወዲህ ሰው አዲስ ታፔላ መስቀል ፈርቷል፤ ብሩሼ ደርቆ እንደ ጃርት ቆሟል።

የመጨረሻውን ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። "እዚህ የማስተምርበት ትምህርት ቤት በቋሚነት ፈርሚ ይለኛል። ልፈርም ወይስ በሐምሌ ለችግኝ ተከላ ልምጣ? ሰዎቹ አሁንም ምድራችንን ለቀያሾች አሳየች ይሉኛል ወይ?" ብለሻል። አዎ፣ ይላሉ። የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ቀረ ተብሎ በሬዲዮ ከተነገረ አምስት ወር አልፎታል፤ ስለ አንቺ የተወራው ግን አልቀረም። ለዚህ ጥያቄ ሦስት ጊዜ መልስ ጽፌ ሦስቱንም ቀደድኩ። ይህ አራተኛው ነው። የምታውቂውን ጭምር ከመጀመሪያው ልድገምልሽ፤ የማታውቂው መሀሉ ላይ ነውና።

ፈቃደኞችሽን ሰብስበሽ ከፉሪ በላይ ያለውን ኮረብታ ባሕር ዛፉን እየነቀላችሁ በጽድ፣ በወይራና በኮሶ ልትመልሱት ስትነሡ፣ ሣር አጫጆችና ከብቶች ችግኙን እንዳይረግጡት ስድስት መቶ ችካል እንድቀርጽልሽ አዘዝሽኝ። "ነጭ ቀባልኝ" አልሽኝ። እኔ ቀይ ቀባሁት፤ ከሥጋ ቤቱ ታፔላ የተረፈ ቀይ ቀለም ነበረኛ። የዛፉንም ስም በነጭ ጻፍኩበት። የጻፍኩት ግን መሬት ውስጥ በሚገባው በሾለው በኩል ኖሯል። ስታዪው ሆድሽን ይዘሽ ሳቅሽ።

"አጎቴ፣ ይህን አፈሩ ነው የሚያነበው?"

"እኔ ያለ አስተማሪ ተምሬ የለም? አፈሩም ይማር!" አልኩሽ።

በታኅሣሥ ደግሞ ደቻሳ ጤፍ ሲወቃ ላግዘው ሄድኩ። ደቻሳ አርባ ዓመት ስቀልድበት የኖርኩ ጎረቤቴ ነው። አንድ ጊዜ በሬው የሎተሪ ቲኬቱን እንደበላበት አሳምኜው ሦስት ቀን እበት ሲበትን ከርሟል። የሚያምነኝ ቂል ሆኖ አይደለም። እሱ ስለማይዋሽ ሌላውም የሚዋሽ አይመስለውም። ያን ቀን አውድማው ላይ ወሬው ሁሉ ስለ ማስተር ፕላኑ ነበር፤ የማን መሬት ይሄዳል፣ የማን ይቀራል። ደቻሳ ቀና ብሎ ኮረብታውን አየና፦

"ሞቱማ፣ እነዚያ ቀይ ቀይ እንጨቶች ምንድን ናቸው?" አለኝ። የቀባኋቸው እኔ መሆኔን አያውቅም።

ፊቴን እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ኮስተር አድርጌ፣ "አልሰማህም እንዴ? የማስተር ፕላኑ ወሰን ነው። ከዚያ ወዲያ አዲስ አበባ ነው። ቤትህ ሰበታ ቀርቷል፤ ሽንት ቤትህ ግን አዲስ አበባ ገብቷል። ስትወጣ መታወቂያህን እንዳትረሳ!" አልኩት።

አውድማው በሳቅ አውካካ። ደቻሳ ብቻ አልሳቀም። መንሹን መሬት ላይ ተክሎ፣ "ዱጋዳ? እውነት ነው?" አለኝ።

"ሞቱማ መቼ ዋሽቶ ያውቃል?"

ገለባ ይወረውርብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ልማዳችን እንደዚያ ነው። አልወረወረም። "ቀልዴን ነው" ማለት ነበረብኝ። ነገ እነግረዋለሁ፣ ትንሽ ይጨነቅ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሲስቁ የነበሩትም ሳቁን እዚያው ትተው ወሬውን ብቻ ይዘው ገቡ።

በሦስተኛው ቀን ከተማው ተነሣ። የጥይቱን ድምፅ አንቺም ትምህርት ቤት ሆነሽ ሰምተሽዋል። ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ወደ ኮረብታው ወጣ። እኔም ተከትዬ ወጣሁ፤ ላስጥል ነበር የወጣሁት። "ተዉ፣ ቀልድ ነው" ልል አፌን ስከፍት አንድ ጎረምሳ ዞር ብሎ፣ "ኦቦ ሞቱማ፣ ምን ቆመው ያያሉ?" አለኝ። ጎንበስ አልኩና ነቀልኩ። ወርቅቱ፣ በገዛ እጄ የቀባሁትን ችካል በገዛ እጄ ነቀልኩት። ሰባት ነቀልኩ። ከሰባቱ ጋር ሰባት ችግኝ ከነሥሩ መጣ።

አመሻሽ ላይ አንዲት የተነቀለች ኮሶ ይዘሽ መጥተሽ ደጃፌ ላይ ተቀመጥሽ። "አጎቴ፣ ማነው የነገራቸው?" አልሽኝ።

"ጊዜው ነው፣ ልጄ" አልኩሽ። ጊዜውን ወነጀልኩት፤ ጊዜ አፍ አውጥቶ አይመልስማ።

አሁን የዘለልኩትን ልጻፍ። የተቀደዱት ሦስት ደብዳቤዎችም እዚህ ላይ ሲደርሱ ነው የዘለሉት። አውድማው ላይ ደቻሳ፣ "ማነው ታዲያ ቀያሾቹን እየመራ ያሳያቸው?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እኔም፦

"ወርቅቱ ናታ! ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ላይ የምትውለው አየር ለመቀበል መሰለህ?" አልኩት።

ትልቁ ሳቅ የመጣው ያኔ ነው። ስምሽ የቀልዴ ማሳረጊያ ሆነ። ለደመወዝ ሳይሆን ለፍቅር ስትቆፍሪ ሦስት ክረምት ያየሁሽ እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። ከቤትሽ አስወጥቶ ቦንጋ ያደረሰሽ ማስተር ፕላኑም አይደለም፣ ደቻሳም አይደለም።

ስለ ዶሮዎቹ ቤት እነግርሻለሁ ብዬ ነበር። ስድስት መቶ ችካል ቀረጽኩልሽ ያልኩት ውሸት ነው። አርባ ሁለቱን ለዶሮ ቤት ሠራሁባቸው። አንቺም ችካሉ ሲያልቅብሽ ከትልቁ ድንጋይ ሥር ያሉትን ጽዶች ያለ ምልክት ተውሻቸው። ባለፈው ቅዳሜ ከፈቃደኞችሽ አንዱ ታመነ፣ ያ የፋብሪካ ሠራተኛው የወላይታ ልጅ፣ "ኦቦ ሞቱማ፣ ይምጡ፣ የማሳይዎ ነገር አለ" ብሎ እጄን ይዞ አወጣኝ። ሣሩን ገለጥ አደረገው። ጽዶቹ አሉ! ምልክት ስላልነበራቸው ማንም አላያቸውም። ሠላሳ ስምንት ቆጠርን፤ አንዳንዱ እስከ ጉልበቴ ደርሷል። ታመነ ፊቱን እየጠረገ፣ "ይህ የመምህርት ጸሎት ነው" አለኝ። የዶሮ ቤት ነው ልለው አልቻልኩም።

ነገ እሑድ የዕድር ስብሰባ አለ፤ ዳኛው ደቻሳ ነው። በሰው ሁሉ ፊት እውነቱን ካልተናገርኩ አንቺ በሐምሌ መምጣት እንደማትችዪ አውቃለሁ። ሦስት ስብሰባ "ዛሬ እናገራለሁ" እያልኩ ሄጃለሁ። ባለፈው ወር ቆሜ፣ "ወንድሞቼ፣ አንድ የበደልኩት በደል አለ" ስል ገና ከመጀመሬ ሳቁ። እኔም አብሬ ስቄ ተቀመጥኩ። ስዋሽ አመኑኝ፤ እውነት ልናገር ስነሣ ይስቃሉ። ይህን የሠራሁት እኔው ነኝ፣ ማንን እከሳለሁ?

ቆይ፣ ውሻው ይጮኻል። ሰው ስሜን እየጠራ ነው።

በመስኮት አየሁት፤ ደቻሳ ነው። በዚህ ዝናብ ማዳበሪያ ጆንያ ራሱ ላይ ደፍቶ ደጄ ቆሟል። በእጁ ቀይ እንጨት ይዟል። ያኔ የነቀሏቸውን ችካሎች ለማገዶ ብሎ ግድግዳው ሥር ከምሯቸው እንደነበር አውቃለሁ። የሰኔ ዝናብ ጭቃውን አጥቦት ይሆናል፤ የሾለውን ጫፍ ወደ ላይ አድርጎ ይዞታል። "ጽድ" የሚለው ከዚህ ሆኜ ይነበበኛል። እንዲህ ጭራውን ጠምዝዞ "ድ" የሚጽፍ ሰው በሰበታ እኔ ብቻ ነኝ፤ የዕድራችንን ታፔላ ያጻፈኝ ደግሞ ራሱ ደቻሳ ነው።

"ሞቱማ! ይህ ያንተ ጽሕፈት አይደለም እንዴ?" እያለ ነው።

አልተቆጣም። ፊቱ ለመሳቅ ተዘጋጅቶ ቆሟል፤ እንደ ልማዴ አንድ ነገር ጣል እንዳደርግለት ይጠብቃል። ጣል ባደርግለት ይስቃል፣ ገብቶ ይሞቃል፣ እኔም እተርፋለሁ።

በቋሚነት የሚያስቀርሽን ወረቀት ሌላ ደብዳቤ እስኪደርስሽ አትፈርሚ። እንደ ጽድ ጽኚ። ሥርሽን የሚነቅል እጅ አይድረስብሽ፤ የእኔም ጭምር።

ጃንጥላሽ በሩ አጠገብ ተሰቅሏል። ይዤው ብወጣ ገና ሲያየኝ ይስቃል። ስለዚህ ትቼው ልወጣ ነው።

ችካሎቹን የቀባው፣ ቀልዱንም የቀለደው
አጎትሽ ሞቱማ