ከፍለው የሚስቁባት ሴት

ጥር 9

ገበያው ደህና ነው። ጠዋት ሁለት ጣቃ የመጋረጃ ጨርቅ ወጣ። ከሰዓት አንዲት ሙሽራ ከነአማቷ መጥታ ሱቁን ገለባበጠችውና ምንም ሳትገዛ ሄደች። ያው የለመድኩት ነው።

አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። የመጡት ሴቶች ሁሉ ቢጫ መጋረጃ ይጠይቃሉ። ትልልቅ ነጭ አበባ ያለበት። «እንደ ፊልሙ ያለ» ይላሉ። የትኛው ፊልም ብዬ ስጠይቅ ከሰማይ ዱብ ያልኩ ይመስል ያዩኛል።

ለካ ማዶ ያለው ሲኒማ ቤት የሚያሳየው ነው። ሰልፉ እኔ ደጃፍ ድረስ ይመጣል። ሴት ብቻ። ያገባችም፣ ያላገባችም፣ ፈትታ የመጣችም።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጣች።

«ብረቷ፣ እስካሁን አላየሽውም?» ብረቷ ገበያው ያወጣልኝ ስም ነው። አልከፋኝም፤ ብረት ይከበራል።

«ስለ ምንድን ነው?»

«ስላላገባች ሴት። ምንም አይሳካላትም። ትወድቃለች፣ ትቀባጥራለች፣ እንግዳ ፊት ትዋረዳለች...»

«ታዲያ ይኼ ምኑ ደስ ይላል?»

«እሱማ አይተሽው ነው!»

አልገባኝም። እኔ ክር የተጎተተበትን ጨርቅ በግማሽ ዋጋ ነው የምሸጠው። እነሱ እንከን ያለባትን ሴት ለማየት በሙሉ ዋጋ ይሰለፋሉ? ፍጹሟን ለምን አያዩም? ይህንኑ ስላት ሳቀች። «ፍጹሟንማ ጠግበናታል። የአክስቴ ልጅ ናት። እናቴ ስሟን ሳትጠራ ውላ አታውቅም።»

ጥር 11

አከፋፋዩ ቢጫው ጨርቅ አለኝ አለ። በብዛት ካልወሰድሽ ግን አልሰጥም አለ። ሳላይ የምገዛው ነገር የለም። ፊልሙን ማየት ግድ ነው። ለሥራ ነው... ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጥር 12

አየሁት። ዛሬ መጻፍ አልችልም።

ጥር 13

ረጋ ብዬ ልጻፈው።

ሱቁን ቀደም ብዬ ዘግቼ ከሰፊዋ ጋር ገባሁ። መጀመሪያ ላይ የማየው መጋረጃውን ብቻ ነበር። አበባው የታተመ ነው፣ ጥልፍ አይደለም። ገበሩ ስስ ነው። ሴትየዋ ምንጣፍ ሻጭ ናት። ቆማ ትበላለች። ጫማዋን ሳታወልቅ ትተኛለች። ሰው ሲያቅፋት የትከሻውን ስፋት በስንዝር ትለካለች። ሰፊዋ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። «አንቺን አትመስልም?» ሳቅሁ። እስከዚያ ድረስ እኔም እስቅ ነበር።

ከዚያ ሊያገባት የሚፈልገው ወንድ ቤተሰብ ሊተዋወቅ መጣ። እናትየው አንገታቸው ላይ ሻርፕ ጣል አድርገዋል። «ንጹሕ ሐር ነው፤ ከባሕር ማዶ ነው ያስመጣሁት» አሉ። ሴትየዋ ጫፉን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ አሸት አሸት አደረገችው...

ክው አልኩ። ምን እንደሚመጣ አውቄዋለሁ!

ከዘርፉ አንድ ክር መዘዘች። ክብሪት ጫረች። «ይመልከቱ እማማ፣ ሐር ቢሆን የተቃጠለ ፀጉር ይሸት ነበር። ይኼ ቀለጠ። ፕላስቲክ ነው። አታለውዎታል!»

ይህ የእኔ ነው። ቃል በቃል! የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በእኔ ሳሎን፣ ሊያገባኝ ለነበረው ልጅ እናት ከእኔ አፍ የወጣ። ለክፋት አልነበረም። እኛ ጨርቅ ነጋዴዎች እንዲህ ነው የምንፈትነው፤ የተታለለ ሰው አይቶ ዝም ማለት ደግሞ አይሆንልኝም። ውለታ የዋልኩላቸው መስሎኝ ነበር። ክብሪቱን እንደያዝኩ ሳስረዳ ሳስረዳ... ዘርፉ ተያያዘ። አጎቴ በድንጋጤ የብርቱካን ጭማቂውን ከነጆጉ አናታቸው ላይ ደፋው። እንግዶቹ ወጡ። ልጃቸውም አብሯቸው ወጣ። ሁለተኛ አልደወለም።

ፊልሙ ውስጥ እሳቱ ወደ ቢጫው መጋረጃ ይዘላል። መልከ መልካም የእሳት አደጋ ሠራተኛ ይመጣል። በመጨረሻ ይጋባሉ። ለእኔ የደረሰልኝ አጎቴ ብቻ ነው።

አዳራሹ በሳቅ ሲናጋ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። ጎኔ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት እንባዋን እየጠረገች «ወይኔ ጉዴ! እኔን እኮ ነው!» አለችኝ።

እሷን? እንዴት እሷን?

ጥር 14

ለፊልሙ ሰዎች ማን ነገራቸው?

እንደ ነጋዴ ላስብ። ዕቃ ከመጋዘን ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቁልፍ ያለው ነው። ያን ቀን ሳሎን ውስጥ የነበሩት እማዬ፣ እህቴ፣ አጎቴና እንግዶቹ ናቸው። እንግዶቹ አያወሩትም፤ የተቃጠለው የእነሱ ነው። አጎቴ ጭማቂ መድፋቱን እስከ ዛሬ ይክዳል። እማዬ... እማዬማ አታነሳውም።

ያን ቀን እንግዶቹ ሲወጡ እማዬ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ፊቷ አባብጦ ነበር። ልጇ አዋርዳታለች፤ ምን ታድርግ? «ይህ ነገር እዚህ ቤት ሁለተኛ እንዳይነሳ» አልኩ። አልተነሣም። ብዙም ሳትቆይ ልብሷን ሸክፋ እህቴ ቤት ገባች። «የልጅ ልጆቼን ላግዝ» አለች። እኔ ግን ገብቶኛል... አፍራብኝ ነው።

ክፍሏን ለማንም አልሰጠሁም። ትመለሳለች ብዬ እንደምጠብቅ ለሰው ተናግሬ አላውቅም። እዚህ እንኳ ስጽፈው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

የቀረችው እህቴ ናት። እሷ ናት!

ጥር 15

ደወልኩላት።

«ለማን ሸጥሽኝ?»

«ምን አልሽ እትዬ?»

«የሻርፑን ነገር!»

ከት ብላ ሳቀች። «ውይ፣ አየሽው? እኛ እኮ መቼ ትሰማ ይሆን እያልን በጭንቀት አለቅን።»

«እናንተ እነማን ናችሁ?»

«እትዬ፣ እኔ ለማንም አልተነፈስኩም። ልጆቼን! ግን ወጥ ቤቱን አይተሽዋል?»

«የቱን ወጥ ቤት?»

«የሴትየዋ እናት የምትገባበትን። ሂጂና ደግመሽ እዪው። ከዚህ በላይ ከእኔ አፍ አይወጣም።» ዘጋችብኝ። ታናሼ ስልክ ዘጋችብኝ!

ጥር 16

እንደ ሌባ ተሸፋፍኜ ብቻዬን ገባሁ። ፊቴን የሸፈንኩበት ቦታ ሲደርስ ዓይኔን አፍጥጬ ተቀመጥኩ።

የሴትየዋ እናት ወጥ ቤት ትገባለች። በሩን ትዘጋለች። የሰሃን ማድረቂያውን ጨርቅ ታነሣና አፏ ውስጥ ትጠቀጥቀዋለች። አሁን ልታለቅስ ነው ስል... ትስቃለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ እንባዋ ይወርዳል፣ ሳቅ ነው።

እዚያው ደርቄ ቀረሁ።

ያን ቀን በሩ ዝግ ነበር። ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ይህንን ልታወራ የምትችለው አንዲት ሴት ብቻ ናት።

እማዬ? ስትስቅ ነበር?

ጥር 17

ቢጫውን ጨርቅ አዘዝኩ። ንዴት ሌላ፣ ንግድ ሌላ። ግን ለአንዷ ደንበኛ ስድስት ሜትር ጠይቃኝ አምስት ቆረጥኩላት። በዕድሜዬ እንዲህ ተሳስቼ አላውቅም።

«ብረቷ፣ ምን ነካሽ? ፍቅር ያዘሽ እንዴ?» አለች ሰፊዋ።

«ድንጋጤ ነው።»

«ሁለቱም ሲጀምሩ አንድ ናቸው።»

ጥር 19

እህቴ ቤት ሄድኩ። እማዬ ግቢው ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። አጠገቧ አንዲት መነጽራም ልጅ አለች፤ ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየችው ናት። ስታየኝ ብድግ አለች። «ደህና ዋሉ» አለችና ነጠላ ጫማዋን አንዱን ጥላ ሮጠች።

«እማዬ፣ ለእሷ ነው የነገርሻት?»

«መጀመሪያ ተቀመጪ።»

«ነው ወይስ አይደለም?»

«ነው።» ቀና እንኳ አላለችም። «ፊልም ትጽፋለች። የጻፈችውን ሁሉ እየመለሱባት ስታለቅስ አገኘኋት። ላስቃት ብዬ ነገርኳት። ሳቀች። ልጻፈው ወይ አለችኝ። ምንጣፍ ሻጭ አድርጊያት፣ ልጄ እንዳይታወቅባት አልኳት።»

«እንዳይታወቅብኝ? የተናገርኩትን ቃል በቃል አስቀምጠሽ?»

«ቃልሽ ያምራል እኮ። ምኑን ልቀንሰው?»

«ወጥ ቤት ውስጥ... እየሳቅሽ ነበር?» አልኩ።

እጇ ቆመ።

«ሴትየዋ ጭማቂው ከፀጉራቸው እየተንጠባጠበ፣ እንደ ረጠበች ዶሮ ሆነው፣ "ሐር ነው! ሐር ነው!" ሲሉ አልሰማሽም? ልጄ፣ እኔም ሰው ነኝ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ከዚያ ወጥቼ ካንቺ ጋር ልስቅ ነበር። በሩን ስከፍት ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ተገትረሻል። ሁለተኛ እንዳይነሳ አልሽኝ።»

«ያፈርሽብኝ መስሎኝ...»

«በምን ልፈር? በሐሰተኛ ሐር?»

«ታዲያ ለምን ጥለሽኝ ሄድሽ?»

አንዲት ፍሬ ልጣ ጨረሰች።

«አንቺ ቤት ሳቅ በሜትር ነው የሚቆረጠው። ያን የሚያህል ሳቅ ሆዴ ውስጥ ይዤ፣ ባየሁሽ ቁጥር ሊያመልጠኝ ሲል... በየቀኑ አፌን በጨርቅ ልወትፍ? አንድ ቀን ትስቂያለሽ ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቅሽም። እኔ ደግሞ ሳልስቅ መኖር አላውቅበትም።»

ተነሥቼ ወጣሁ። ደህና ዋዪ እንኳ አላልኳትም።

ጥር 20

ሦስት ዓመት ሙሉ ታለቅስልኛለች ስል ትስቅ ነበር።

የቱ ነው የሚከፋው? ደግሞስ... የቱ ነው የሚሻለው?

ጥር 22

ለሰፊዋ ነገርኳት። ገበያው ይስማ፣ ይሳቅብኝ፣ ይለይለት አልኩ።

«ፊልሙ ላይ ያለችው እኔ ነኝ።»

«አዎ፣ ሁላችንም ነን» አለች መርፌ እየሰካች።

«አልገባሽም። የምሬን ነው። ሻርፑን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።»

«ሂጂ እዚያ! ትናንት የመጣች ደንበኛዬም እንደዚሁ ብላኛለች። የምሯን ነበር።»

ደነገጥኩ። ደብቄው የቆየሁትን ጉድ አውጥቼ ስሰጥ የሚቀበለኝ ጠፋ! ጭራሽ የራሷን አመጣች። የቀድሞ እጮኛዋ ቤተሰቦቹ ዘንድ ምሳ ጋብዟት፣ የሱሪው ጠርዝ ተተርትሮ ብታይ አላስችል ብሏት፣ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ ሰፋችለት... ከጠረጴዛው ልብስ ጋር። ሲነሣ ምሳው ሁሉ አብሮት ተነሣ።

«ለማን ተናግረሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ለማንም። አሁን ላንቺ።»

ሰልፉን በመስኮት አየሁት። እያንዳንዷ አንድ የተቃጠለ ነገር ይዛ ቆማለች ማለት ነው? እኔ ደግሞ ሊስቁባት የሚሄዱ መስሎኝ። ለካ እዚያ ጨለማ ውስጥ ብቻ ነው «እኔን ነው» ማለት የሚቻለው። እንከን እንዲህ ይሸጣል ብሎ ማንም ቢነግረኝ አላምነውም ነበር።

ጥር 24

እማዬ ጋ ደወልኩ። «ነገ ፊልም ልጋብዝሽ» አልኩ።

«የቱን ፊልም?» አለች።

«አውቀሽ ነው እማዬ።»

ጥር 25

እማዬ ፊልም ቤት እንደ ሳሎኗ ነው የምትቀመጠው። ጫማዋን አወለቀች። ድምፅ መቀነስ አታውቅም።

ወጥ ቤቱ ሲመጣ «አሳንሰውታል!» አለች። «እኔ ወለሉ ላይ ነበር የተቀመጥኩት።»

ከኋላ ያለች ወጣት «እማማ፣ ዝም ይበሉ እንጂ» አለቻት።

«የራሴን ሳቅ ነው የማየው የኔ ልጅ፣ ምን አገባሽ?»

ያኔ የሆነ ድምፅ ከአፍንጫዬ አመለጠ። ልይዘው ሞከርኩ። ባሰበት። ሳል መስሎኝ ነበር። እማዬ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ በኋላ ፊልሙን አላየችም። እስኪያልቅ ድረስ እኔን ብቻ ነበር የምታየው።

የካቲት 2

እማዬ ትናንት ገባች። «ለጊዜው ነው» አለች። አልጋዋን፣ ወንበሯንና ሁለት ሻንጣ ጭና... ለጊዜው። እኔም ለጊዜው ነው ብዬ ተቀበልኳት። ሁለታችንም ፊታችንን ማዶ አዙረን።

ዛሬ የቧንቧ ሠራተኛ መጣ። የወጥ ቤቱ ማጠቢያ ያንጠባጥባል። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ሲፈታ እማዬ ደፍ ላይ ቆማ «ይኸውልህ የኔ ልጅ፣ እዚህች ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ቀን...» ብላ ጀመረች። ለማላውቀው ሰው! አፏን ልይዛት ተነሣሁ።

ስደርስ ግን ታሪኩን እያበላሸችው ነው። ሻርፑን ቀይ አደረገችው። መጀመሪያ የጮኸው አጎቴ ነው አለች።

«ቆይ እማዬ» አልኩ። «እንደሱ አይደለም። እኔ ልንገረው።»

የሰሃን ፎጣውን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ እንደ ልጁ እናት ቆምኩ። ክሩን መዘዝኩ። ክብሪቱን ጫርኩ። «ይመልከቱ እማማ» አልኩ። እማዬ ግድግዳውን እየታከከች ወለሉ ላይ ወረደች። አጎቴ ጆጉን እስከሚያነሣ ድረስ ደረስኩ... ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ትንፋሽ አጣሁ። እሷ ልትጨርሰው ብላ እጇን አነሣች፤ እሷም አልቻለችም።

ሰውየው መፍቻውን ይዞ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ያያል።

«ከዚያስ?» ይላል። «ኧረ ከዚያስ ምን ሆነ?»