ከርከዴ የላሰው ሙት

ማሩዬ፣ የኔ ጌታ፣ እንደምን አለህልኝ? ተለይተኸኝ ከሄድህ ሁለተኛው የሰሊጥ አጨዳ አለቀ። እኔ ደህና ነኝ፤ ቅናቴ ግን አልተሻለውም።

ቤታችን ያው ነው፤ ጣራው አሁንም ያፈሳል። ትራክተርህን ሌላ ሰው ይነዳዋል፤ እንዳንተ ግን አያፏጭም። ያ ጉደኛ ፊልምህም አልሞተም። ሰርግ የሚቀርጸው ነጋ ፊትህን ዱቄት ቀብቶ፣ ጫማህን እንኳ ሳያስወልቅ ከመቃብር አስነስቶ በማሳው ውስጥ አስሮጦህ የለ! ገዳሪፍ ላይ ስልክ ያለው ሁሉ አለው፤ መፋዛ ድረስ ይስቁበታል። እጅግ ያስፈራል በተባለው ቦታ ላይ የሰው ፍየል ገብታ የከፈንህን ጫፍ ስታኝክ ማን አይስቅ!

እኔን የሚያንገበግበኝ መጨረሻው ነው። ዳግመኛ የምትሞተው በሻይ ሻጯ በትርንጎ ጭን ላይ ነው፤ ሚስትህ ሆና ነዋ የምትሠራው። ሆዴ ትልሃለች፣ አንተም ሆዴ ትላታለህ። ያ የኔ ቃል ነበር። እኔን በሰው ፊት አንድ ቀን ብለኸኝ አታውቅም፤ እሷን በአገር ፊት አልኻት።

ለቅሶህ ላይም መጥታ ከኔ በላይ አለቀሰች። ከፋሽጋ የመጡት የቀን ሠራተኞች ፊልሙን እንጂ እኔን የት ያውቁኛል? ድንኳን እንደገቡ በቀጥታ እሷን እግዚአብሔር ያጽናሽ አሏት። እሷም አሜን አለች! እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከአጠገቧ ተቀምጫለሁ። ያን ቀን ካነባሁት እንባ ግማሹ የንዴት ነበር፣ ማሩዬ፤ ልደብቅህ አልችልም።

በቀደም ከሱዳናዊው ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ሄድሁ። ሴትዮዋን ከፊልሙ ቆርጠህ አውጣልኝ፣ ባሌን ብቻ ተውልኝ አልሁት። ሌላ የምትንቀሳቀስበት ምስል የለኝማ፤ የሰርጋችን ፎቶ ላይ እንደ ግንድ ተገትረሃል። ያን ቦታ ከፍቶ አየና፣ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ እሷን ካወጣኋት የሱም ራስ አብሮ ይሄዳል፣ ጭኗ ላይ ነው እኮ አለኝ። አብረን አየነው። ሞተሃል፣ ደሙ በከንፈርህ ይወርዳል፣ ትርንጎ ደረቷን እየደቃች ትጮሃለች። አንተ ምላስህን አወጣህና ደሙን ላስህ። አገሩ ሁሉ የሚስቀው እዚህ ላይ ነው፤ ጠጋኙም ሳቀ።

ደሙን ያፈላሁት እኔ ነኝ። ነጋ ቀዩን የአበባ ሻይ፣ ከርከዴውን፣ አፍልተሽ አምጪ ብሎኝ፣ ስኳር ስጨምርበት ደግሞ ለደም ምን ያደርግለታል ብሎ ተቆጥቶኝ ነበር። አንተ ያለ ስኳር እንደማትወድ እሱ ምን ያውቃል? ለካ በሷ ጭን ላይ ተኝተህ፣ ሞተህም እንኳ፣ የኔን እጅ ነበር የላስኸው።

አትንካው፣ እንዳለ ይሁን ብዬ ስልኬን ተቀበልሁ።

አልረሳህም፣ ሆዴ። በየሙት ዓመትህ ለመጣው ሁሉ ከርከዴ አፈላለሁ፤ ስኳሩን አብዝቼ፣ አንተ እንደምትወደው። ትርንጎም ትምጣ፣ አልከለክላትም። የሷን ብቻ ያለ ስኳር እቀዳላታለሁ።