የፖርቱጋልኛ ግስ መቆራረጥ ላስተማሩኝ ዳይሬክተር

ለተከበሩ የ«ክፍት በር» የጎልማሶች ቋንቋ ማዕከል ዳይሬክተር
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጤናዎ እንደ ማዕከልዎ ደንብ የማይነቃነቅ፣ ቤተሰብዎም ስልክ በጮኸ ቁጥር የማይደነግጥ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ይህን ግልጽ ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት ክብርዎን ለመድፈር ሳይሆን፣ ትርጉሙን ሳያውቁ የቃል ክፍሎችን መቁጠር እንደሚቻል ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ፣ እስከ ፊርማዬ ድረስ እየቆጠሩ እንደሚዘልቁት በመተማመን ነው።

ወደ ማዕከልዎ የመጣሁት ወንድሜ አምሃ ሳኦ ፓውሎ ውስጥ በጠና በመታመሙ ነበር። ሚስቱ ሰሊና ከፖርቱጋልኛ በቀር አትናገርም፤ እዚሁ አጠገባችን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከምትኖረው እናታችን ጋር እሑድ እሑድ ሲደዋወሉ መሐል ገብቶ የሚያስተረጉምላቸው እሱ ነበር። መናገር ሲያቅተው እኔ ተመዘገብኩ። የፈለግሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «ክፉ ነገር ከመጣ ለእናቴ በስልክ እንዳትነግሪያት፣ ለእኔ ንገሪኝ።» እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ሰው አጠገብ ቆሞ ነው። ይህን ለሰሊና የሚያስረዳት ከታማሚው በቀር አልነበረም፤ እሱን ደግሞ «ስትሞት እንዲህ እንድታደርግ ንገራት» ማለት አልቻልኩም። የስልክ ተርጓሚ አለልህ ይሉኝ ይሆናል፤ ባሏን ለምታስታምም ሴት ይህን በማሽን ድምፅ መላክ ከበደኝ።

አንደኛ ቅሬታዬ፣ «ፋላቫሙስ» የሚለውን ግስ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማስቆረጥዎ ነው። ፋ፣ ላ፣ ቫ፣ ሙስ እያልን አጨበጨብን፤ ቀጥሎም ትርጉም ተሸካሚ የሆነውን ግንዱን፣ አናባቢውን፣ ጊዜውንና ባለቤቱን ለየብቻ አጋደምናቸው። ትርጉሙ «እንነጋገር ነበር» መሆኑን የነገረኝ የመጽሐፉ የግርጌ ማስታወሻ ነው።

ሁለተኛ፣ ሳይነካ መቅረት የነበረበትን ግንድ እንደ ጭብጨባው ለሁለት በመቁረጤ ፈተና ወድቄ ወደ ንግግር ክፍል እንዳልገባ ተከለከልኩ። ግስ በወጉ ያልገነጠለ ሰው እንዲሁ ቢያወራ ምን ሊከተል እንደሚችል እግዜር ይወቀው።

ሦስተኛ፣ መምህሯን ያችን አንድ ዓረፍተ ነገር ብለምናት፣ «እንዳትነግሪ» የሚባለው አነጋገር የሚሰጠው በሦስተኛው ደረጃ፣ በጸደይ እንደሆነ በትሕትና አስረዳችኝ። ወንድሜን እስከ ጸደይ ታገሥ አላልነውም፤ ጥፋቱ የእኛ ነው።

ቀጥሎ ለሆነው ነገር የቅሬታ ቁጥር አልሰጠሁትም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እናቴ ጋ ምሳ እየበላን ሰሊና ደወለች፤ እናቴ እንደ ልማዷ ስፒከር ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሰሊና እያለቀሰች አንዲት ቃል ደጋገመች፤ «ፋሌሴው»። እኔም፣ ምስጋና ለእርስዎ ይግባና፣ ወዲያው ቆረጥኳት፤ ፋ፣ ሌ፣ ሴው። መድረሻዋ አንድ ሰው፣ ያለቀ ድርጊት ይላል። አንድ ሰው አንድ ነገር አድርጎ ጨርሷል። ምን እንዳደረገ የሚያውቀው ግንዱ ነው፤ እኔ ደግሞ ግንዱን መቁረጥ እንጂ መረዳት አልተማርኩም። ጣቴን ዘርግቼ እየቆጠርኩ ሳለሁ እናቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረች።

«ተው ልጄ፣ አትቁጠር። ወንድምህ ሞቷል ነው የምትለው» አለችኝ።

እናቴ በወጉ እንድትረዳ ብዬ ትምህርት ቤት የገባሁት ሰውዬ፣ መርዶዬን ከእናቴ አፍ ሰማሁ፤ ደግፋ የያዘችኝም እሷው ናት።

ሐዘን በተቀመጥንበት ሳምንት ከማዕከልዎ ቴክስት ደረሰኝ። ሁለት ክላስ ሚስ በማድረጌ ምክንያቴን ቅጹ ላይ እንድሞላ ይጠይቃል። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ያችኑ የሰሊናን ግስ ብቻ ጽፌ፣ በደንቡ መሠረት በሦስት ከፍዬ ልኬያለሁ። አከፋፈሌ ትክክል መሆኑን ቢያረጋግጡልኝ ውለታዎን አልረሳም።

አክብሮቱን ግንዱንና መድረሻውን ሳይነጣጥል እንዳለ የሚያቀርብልዎ፣
በመጀመሪያው ደረጃ የቀረው ተማሪዎ
በፈቃዱ

ሳልጽፈው የቀረ፦ እናቴና ሰሊና አሁንም እሑድ እሑድ ይደዋወላሉ። አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በፖርቱጋልኛ፣ ግማሽ ሰዓት ያወራሉ፣ ያለቅሳሉ፣ አንዳንዴም ይስቃሉ፤ ማንም አያስተረጉምላቸውም። ለንግግር ክፍልዎ አስተማሪ ካጡ እናቴ ከእሑድ በቀር ጊዜ አላት፤ የመግቢያ ፈተናውን ግን እንደማታልፍ ከወዲሁ ላሳውቅዎ እወዳለሁ።