ፍሬን ያልያዝኩባት ከተማ

ጥር 6፣ ጠዋት 1፡30
መናኸሪያ ነኝ። ተራዬ ሦስተኛ። ደብተር፣ ያቺ ሴትዮ ከራሴ አልወጣ አለች። ትናንት በአማርኛም በኦሮምኛም አዳሚ ቱሉ ወራጅ አለ እያለች ስትጮህ፣ ጭኜ ቡልቡላ አደረስኳት። ሬዲዮው ጮኾብኝ ነው፣ አልሰማሁም ብዬ ማልኩ። ውሸቴን ነው። ሰምቻለሁ። አዳሚ ቱሉ የቱ ጋ እንደሆነች ነው የጠፋኝ። ሃያ ስምንት ዓመት የነዳሁበት መስመር!

ጥር 9
ሐኪም ቤት። ባለቤቴ ዘሃራ ናት ጎትታ ያመጣችኝ። ዶ/ር ሰላም የልጄ እኩያ ናት። አምስት ቃል ነግራኝ ቆይታ ጠየቀችኝ። ሁለቱን መለስኩ። ዕድሜ ከሚያመጣው ትንሽ ያለፈ ነው፣ የመርሳት በሽታ ግን ገና አይባልም አለች። «ገና» የምትለዋን ጠላኋት። ጥናት አላቸው። ጭንቅላት ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ክፍሎቹ እርስ በርስ እንዴት እንደሚገናኙ በኤምአርአይ ማሽን ያያሉ። ፈረምኩ። ማን ያውቃል፣ መድኃኒት ይገኝለት ይሆናል።

ጥር 15፣ ከቀኑ 8 ሰዓት
ማሽኑ ጠባብ ነው። ድምፁ የወፍጮ ቤት። አይንቀሳቀሱ፣ አይተኙ፣ ምንም አያስቡ ተባልኩ። ሹፌርን አታስብ ይሉታል! ከአዳማ ተነሣሁ። ሞጆ፣ ቆቃ፣ ዓለም ጤና፣ መቂ። በድምፅ ማጉያ ተቆጡኝ፤ ጋሽ ሰዒድ እግርዎን ያሳርፉ። ለካ በየከተማው ፍሬን እየረገጥኩ ነው። ምስሉ ተበላሸ፣ ከእንደገና ተባለ። ምክንያቱን ስነግራት ዶ/ር ሰላም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

12 ሰዓት
አሁን አልስቅም። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ መንገዱን ደገምኩት። ዝዋይ፣ ከዚያ ቡልቡላ። ማሽኑ ውስጥም እንደዚያው ነው የሄድኩት። አዳሚ ቱሉ ላይ እግሬ ንቅንቅ አላለም። ዘሃራ የአዳሚ ቱሉ ልጅ ናት። መኪናዬ ላይ የተሳፈረችው፣ የተዋወቅነውም እዚያ ነው። አልነገርኳትም።

ጥር 28
ውጤት። ዶ/ር ሰላም ሥዕሉን አሳየችን። ቦታዎቹ ሁሉ አሉ፣ በመካከላቸው ያለው ግንኙነት ግን ላልቷል። ለጥናቱ ይጠቅማል እንጂ በእርስዎ ላይ ነገ ምን እንደሚሆን አይናገርም አለች። መድኃኒቱስ? አልኳት። የሄደውን የሚመልስ የለም። መንዳቱን ይተዉት፣ ጋሼ። ይህን ስትል አንገቷን ደፋች። ዘሃራ እጄን ያዘችኝ። ሰው ፊት ይዛኝ አታውቅም። ተስፋ ቆርጫለሁ፣ ደብተር። ፈርቻለሁም።

የካቲት 1፣ ጠዋት 12፡30
ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነው። ዛሬ ማኅበሩ ሄጄ ተራዬን እለቃለሁ። መኪናዋን ወንድሜ ይንዳት። ከእንግዲህ ሰው አልጭንም። ትናንት ቀኑን ሙሉ እየዞርኩ ሳስብ ዋልኩ፣ ሌላ መላ የለውም።

ዘሃራ ሻይ እያፈላች ነው። ሳትመጣ ልጻፈው። አዳሚ ቱሉ። ከዝዋይ ቀጥሎ፣ ከቡልቡላ በፊት። ያን ቀን ቢጫ ሻሽ አስራለች፣ እግሯ ሥር የሽንኩርት ጆንያ አለ። እጇን አነሣች። ቆምኩላት፣ ጋቢና አስቀመጥኳት። መውረጃዋን ስጠይቃት ሻሸመኔ አለችኝ። እስከ ዛሬ አልወረደችም።

ደብተር፣ ይቺ ሴት ማን ናት ብዬ የመጣሁ ቀን ይህን ገጽ አሳየኝ። መጣች፤ ልደብቅህ።