ስለ ዓሣዎቹ ምቾት እና ስለ ሁለቱ እጆቼ

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ግርማዎ፣ በተለይም የእጆችዎ ቆዳ እንዴት ነው? እኔ ከክርኔ በላይ እጅግ ደህና ነኝ፤ የምጽፍልዎ ከክርኔ በታች ስላለው ነው። ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ክብርዎን ለመዳፈር ሳይሆን፣ በጸሐፊዎ በኩል የላክኋቸው ማመልከቻዎች ሁሉ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ከሚል መልስ በቀር ይዘውልኝ የመጡት ነገር ስለሌለ ነው።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፦ የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ ነኝ፤ ባልደረቦቼ «የዓሣዎቹ አክስት» ይሉኛል። ዋናው በር አጠገብ ያለውን ትልቁን አኳሪየም፣ የዓሣዎቹን የመስታወት ገንዳ፣ በየሳምንቱ አርብ የማጥበው እኔ ነኝ። ስቀጠር ሥራዬ ስልክ ማንሳትና እንግዳ መቀበል ነበር፤ «ዓሣዎቹስ እንግዶች አይደሉ?» ብለው የጨመሩልኝ ክቡርነትዎ ነዎት። ስለ አመኔታዎ አመሰግናለሁ።

፩ኛ. ገንዳው ላይ በፍሬም ስላሰቀሉት «ዓሣዎቹ የለመዱት እጅ ነው፤ ጓንት ስለሚያስደነግጣቸው ክልክል ነው» ስለሚለው ማሳሰቢያ ምስጋናዬ የላቀ ነው። በዚሁ መሠረት በባዶ እጄ ጠጠሩን ሳሽና መስታወቱ ላይ የተጋገረውን አረንጓዴ ነገር ስፍቅ፣ ጥግ ላይ ያለው ሹል ድንጋይ ጣቴን ቧጨረኝ። የተቧጨረው ቦታ ውሎ አድሮ ቀላ፣ ቀጥሎ አበጠ፣ ከዚያም ሽፍታው እያዘገመ ወደ አንጓዬ ወጣ። ዓሣዎቹ ግን፣ ተመስገን ነው፣ አንድም ቀን አልደነገጡም።

፪ኛ. የቆዳ ሐኪሟ እጄን አገላብጣ አየችና፣ በዓሣ ገንዳ ውሃ ውስጥ የሚኖር ተሕዋስ በተቧጨረው በኩል ሳይገባ እንዳልቀረ፣ ችላ ካልኩት ለወራት መድኃኒት እንደሚያስውጠኝ፣ እስኪድን ድረስ እጄን እዚያ ውሃ ውስጥ እንዳልነክር፣ ከዳንኩም በኋላ እስከ ክርን የሚደርስ የላስቲክ ጓንት እንዳደርግና ስጨርስ በሳሙና እንድታጠብ ጻፈችልኝ። ዋናው በር ላይ ጠብቄ ብሰጥዎ፣ ክቡርነትዎ ወረቀቱን አንብበው «ሐኪም ስለ ዓሣ ምን ያውቃል?» አሉኝ። የተመረመርኩት እኔ እንጂ ዓሣው እንዳልሆነ ላስረዳ ብሞክርም፣ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ሆነብኝ።

፫ኛ. አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ስለሚውል «ሊቀመንበር» የምንለው ወርቃማው ዓሣ ጅራቱ ላይ ነጭ ነጥብ በታየበት ቀን ግን ርኅራኄዎን በዓይኔ አይቻለሁ። ወዲያው የእንስሳት ሐኪም ተጠራለት፣ ለብቻው ጎድጓዳ ሳህን ተዘጋጀለት፣ «የታመመ እረፍት ይሻል» ተብሎም ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። እሱ በሕመም ፈቃድ ላይ ሆኖ ሲያየኝ፣ እኔ እጄን እያከክሁ ስልክ ሳነሳ፣ ከሁለታችን ቋሚ ሠራተኛው ማን እንደሆነ ግራ ገባኝ።

፬ኛ. የነጥቡን መነሻ እንዲያጣራ ያቋቋሙት ኮሚቴ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ሽፍታው ከእኔ ወደ ሊቀመንበር መተላለፉን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። በውሳኔው መሠረት ሳህኑ ፊት ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሊቀመንበር አፉን ከፍቶ ዘጋ፤ ቃለ ጉባዔው ላይ «ይቅርታውን ተቀብለዋል» ተብሎ ሰፈረ። እኔ እስከ ዛሬ አንቺ ነኝ፤ እሱ አንቱ ሆኗል።

፭ኛ. ይሄኛው ቀልድ የለበትም። ትንሿ ልጄን ጠዋት ጠዋት ጸጉሯን የማበጥርላት እኔ ነበርኩ። አሁን «እማዬ፣ በዓሣ እጅሽ አትንኪኝ!» እያለች ወደ አባቷ ትሮጣለች፤ አባቷ ደግሞ ሲያበጥር ገመድ የሚጎትት ነው የሚመስለው። ሐኪሟ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም ብትለኝም፣ ሕፃን ልጅ ይሄ እንዴት ይገባታል? አንጀቴ አርሯል፣ ክቡርነትዎ። ይህን እያወቁ፣ እንግዶች ስለሚመጡ በፊታችን አርብ በባዶ እጄ ካላጠብኩ ከሥራ እንደምሰናበት አስነግረውኛል። ስለዚህ በትሕትና አስታውቃለሁ፦ እጄ እስኪድን አላጥብም። ከዳነም በኋላ ያለ ጓንት አላጥብም።

ስላደረጉልኝ ሁሉ የእጅዎን ይስጥዎ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ሁለቱን እጆቼን ግን ለዓሣዎቹ ደህንነት ስል ወደ ኋላ አድርጌ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
የዓሣዎቹ አክስት

ማስታወሻ፦ ባለፈው ወር ለመጡት እንግዶች «ዓሣዎቹ እጄን ያውቁታል» ብለው፣ እጅጌዎን ሰብስበው እጅዎን ገንዳው ውስጥ ሲከቱ፣ ያ ሹል ድንጋይ እርስዎንም እንደቧጨረዎ አይቻለሁ። ትናንት ደግሞ የሠራተኞች ስብሰባ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀኝ እጅዎን ከኪስዎ ሳያወጡ፣ ፊርማዎን በግራ ሲያኖሩ አየሁ። ሊቀመንበርም ዛሬ ጠዋት ሌላ ነጥብ ወጥቶበታል፤ በኮሚቴው ውሳኔ መሠረት ይቅርታ የሚጠይቁበትን ሰዓት ቢያሳውቁኝ ሳህኑን አዘጋጃለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና የሐኪሟ አድራሻ ጠረጴዛዬ ላይ አለልዎ። ጓንቱ ሲገዛም፣ እባክዎ፣ ሁለት ጥንድ ይሁን።